«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከተባለ በኋላ

በዚህ እትማችን ስለ አራሶች ልንጽፍ ተነስተናል። ወንዶች አንባቢዎቻችን «ይኼ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። ወደ ታች ስትወርዱ እናንተንም በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ።

እንደሚታወቀው በአገራችን ሴት በሰላም ስትገላገል እልልታው ይቀልጣል፣ ጎረቤቱም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ሙስሊሙም በራሱ አነጋገር ይኸንኑ ይላል። ቃሉን ልብ ብላችሁ ካያችሁት የሚናገረው ስላለቀ ነገር ነው። ማረችሽ፣ አመለጥሽ፣ ክፉው አለፈ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ሕፃኑ ይዞራል። ማንን መሰለ? ስሙ ማን ይባል? አራሷ ደግሞ ገንፎዋን ትብላ፣ አጥሚቷን ትጠጣ፣ ትተኛ።

ችግሩ ክፉው ገና አለማለፉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) 260 ሺህ ያህል ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። ለቀን ሲካፈል ከ700 በላይ ነው። ከእነዚህም ከአሥሩ ሰባቱ የሞቱት ከሰሃራ በታች ባለው የእኛው አፍሪካ ነው። ደግሞ ሞቱ የሚመጣው በምጥ ሰዓት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጁ ተወልዶ እልል ከተባለ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት፣ በተለይም በመጀመሪያው ቀንና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ብዙ እናት ይሞታል። ዋነኞቹ ገዳዮች ደም መፍሰስ፣ ደም ግፊትና ኢንፌክሽን ናቸው። ሦስቱም አስቀድመው ምልክት ይሰጣሉ፣ ለሦስቱም ሐኪም ቤት በጊዜ ከተደረሰ መድኃኒት አለ። ታዲያ ምልክቱን የሚያየው ማነው? አይቶስ ምን እንደሆነ የሚያውቀው?

ሞያሌ፣ ሁለት መንግሥት ያላት አንድ ከተማ

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ያለፍነው በሞያሌ ነው። በ1991 ደርግ ሲወድቅ የተሰደዱ ወገኖቻችን በዚያው በኩል ኬንያ ገብተው ዋልዳ ካምፕ ሰፍረው ነበር፣ በኋላ ነው ወደ ካኩማ የተዛወሩት። ሞያሌን የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው ከተማዋ አንድ ናት፣ ድንበሩ መሐሏን ይቆርጣታል። ዘመድ ወዲህና ወዲያ ነው፣ ገበያውም እንደዚያው። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂው፣ ከመሐል አገር የመጣውም ነጋዴ በአንድ ሻይ ቤት አራት ቋንቋ እየቀላቀለ ያወራል።

መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. (ማርች 10 ቀን 2018) በኢትዮጵያው ሞያሌ ወታደሮች በሰላማዊ ነዋሪዎች ላይ ተኮሱ። መንግሥት ዘጠኝ ሰዎች መገደላቸውን ገልጾ ወታደሮቹ የተኮሱት በተሳሳተ መረጃ መሆኑን ተናገረ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ኬንያ ገባ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በሶማሬ፣ በደምበላ ፈጫናና በሌሎችም ቦታዎች ሰፈሩ፣ የኬንያ ቀይ መስቀልና ዩኤንኤችሲአር ድንኳንና ምግብ አቀረቡ። ብዙዎቹ በዚያው ዓመት ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ በታኅሣሥ ወር ደግሞ ሞያሌ እንደገና በግጭት ታመሰች።

ከእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ውስጥ እርጉዝና አራስ እንደማይጠፋ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፣ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል። ቦታው ደግሞ ለእናት በሰላሙም ጊዜ ከባድ ነው። ሞያሌ የምትገኝበት የማርሳቢት ካውንቲ፣ በ2009 ከተደረገው የኬንያ ሕዝብ ቆጠራ እንደተሰላው፣ ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች 1,127 እናቶች የሚሞቱበት ነበር። በ2014 በተደረገው ጥናት የመላው ኬንያ ቁጥር 362 ነው። የእኛ አገር ደግሞ በ2016ቱ ጥናት 412። በሞያሌ ሆስፒታል አለ፣ ከዚያ የበለጠ ሕክምና ሲያስፈልግ ግን ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አስፋልቱ ከመሠራቱ በፊት ያን መንገድ በጭነት መኪና የሄደ ሰው ወገቡ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ደም የሚፈሳት ሴት ስትሄድበት አስቡት።

አሁን መንገዱ ተሠርቷል፣ በ2020 መጨረሻም የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያ ተመርቋል። አንድ ነገር ግን በአስፋልት አይስተካከልም። ወዲያ ማዶ ወልዳ ወዲህ ማዶ የምታድር ሴት የማን ናት? በኢትዮጵያ በኩል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሄደው አራስ ይጠይቃሉ። በኬንያም በኩል የመንደር ጤና አገልጋዮች አሉ። ድንበር የተሻገረች አራስ ግን በዚያኛው መዝገብ «ሄዳለች»፣ በዚህኛው ገና አልገባችም። በአገራችንም ቢሆን የተሟላ አልነበረም። በ2016ቱ ጥናት ከወለደች በሁለት ቀን ውስጥ የታየች እናት ከመቶ 17 ብቻ ነበረች፣ በ2019 ወደ 34 ከፍ ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ሐኪም ቤት የወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው ትቆይ፣ ከዚያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ እንዲሁም በስድስተኛው ሳምንት ትታይ ነው። በእኛ ኑሮ ይኼ ሁሉ ላይሟላ ይችላል። ስለዚህ ነው ምልክቱን የቤት ሰው ማወቅ አለበት የምንለው።

አራስ ቤት ምን ይደብቃል?

አንድ ደስ የሚል ነገር አለን። አራስን ብቻዋን አንተውም። ሐበሻው አርባና ሰማንያ ይቆጥራል፣ ቦረናው የኡልማ ጊዜ ይለዋል፣ ሶማሌው አፋርታንባህ ብሎ አርባውን ቀን ያከብራል። በሞያሌ በአንድ አጥር ውስጥ ሦስቱም ይገኛሉ። ሴትየዋ ትቀመጣለች፣ ሌላ ሰው ይሠራላታል፣ ጥሩ ጥሩው ምግብ ለእሷ ይሆናል። ፈረንጆች ይኼን አጥተውት ዛሬ እንደገና እየፈለጉት ነው፣ እኛ እጃችን ላይ ያለ ሀብት ነው።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አራስ ቤት ምልክት የሚደበቅበትም ቤት ነው። ቤቱ ይጨልማል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ዓይን እንዳይገባ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የአራሷ ፊት ከደም ማነስ የተነሳ ነጭ ይሁን አይሁን ማን ያያል? እሷስ ዓይኗ ብዥ ቢልባት ጨለማው ነው ብላ ዝም ትላለች። እጣኑና ጢሱ ይጨሳል፣ ሽታው ግሩም ነው፣ ግን ከማህፀን የሚወጣውን መጥፎ ሽታ ይሸፍነዋል። ብርድ እንዳይመታት ሦስት ጋቢ ይደረብባታል፣ ትኩሳቷን ጋቢው ያመጣው ይመስላል፣ ከስር የሚፈሰውንም ደም ጋቢው ይጠጣዋል። ጠያቂው ይበዛል፣ ሳቅና ጨዋታው ይደምቃል፣ በመሐሉ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ብታለቅስ «ደክሟት ነው» ይባላል።

ልማዱን ጣሉት አንልም። መጋረጃውን ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ግለጡት፣ ፊቷን በብርሃን እዩት፣ ጨርቋን እዩት፣ ከጢሱ በፊት አሽትቱ ነው የምንለው።

ደሙን መቁጠር

ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰሱ አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ቀይ ነው፣ ከዚያ እየሳሳ ወደ ቡና መልክ፣ ቆይቶም ወደ ነጣ ያለ ፈሳሽ ይለወጣል። እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ይኼ የጤና ነው። የበዛው እንዴት ይታወቃል የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ። «ብዙ ደም» ማለት ለአንዷ አንድ ነገር ነው፣ ለሌላዋ ሌላ። ከዚህ በፊት አምስት የወለደች ሴት «እኔማ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ» ትላለች።

ይኼን መገመት የሚያቅተው ለእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ 80 ሆስፒታሎች ተደርጎ ውጤቱ በ2023 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። የሠለጠኑ አዋላጆችና ሐኪሞች በዓይን እየገመቱ ሲሠሩ ከባድ የደም መፍሰስን የሚይዙት በግማሽ ያህሉ ላይ ብቻ ነበር። ደሙ መስመር በተሠመረበት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ሲለካ ግን ከመቶ 93 ያህሉን ያዙ። በመለካቱ ላይ ሕክምናውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የመስጠት አሠራር ተጨመረበትና በከፍተኛ የደም መፍሰስ፣ በቀዶ ሕክምናና በሞት የሚደርሰው ጉዳት በ60 ከመቶ ቀነሰ። እንግዲህ ሐኪሙ በዓይኑ ከተሳሳተ እኛማ ምን እንሁን!

ቤት ውስጥ ፕላስቲኩ የለንም፣ መቁጠር ግን እንችላለን። አንድ ሞዴስ ወይም አንድ የታጠፈ ጨርቅ በአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከራሰ፣ ሳይጨርሱ መሄድ ነው። የዕንቁላል ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ የረጋ ደም ከወጣም እንደዚሁ። ቀዝቅዞ የነበረው ደም በሳምንቱ ወይም በሁለት ሳምንቱ እንደገና ደማቅ ቀይ ሆኖ ቢመጣ «ወር አበባዬ ተመለሰ» ተብሎ አይታለፍ፣ የእንግዴ ልጅ ቅሪት ማህፀን ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ራስ ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ሲነሱ መውደቅ ከተጨመረበት ደቂቃም አይጠበቅ።

እስኪሄዱ ድረስ ምን ይደረጋል? ሽንቷን ትሽና፣ የሞላ ፊኛ ማህፀን እንዳይጨመቅ ያደርጋል። ልጁን ታጥባ፣ ጡት ማጥባት ማህፀንን ያኮማትራል። ከእምብርት በታች ማህፀኑ እንደ ኳስ ጠጠር ብሎ መገኘት አለበት፣ እንደ ሊጥ ከለሰለሰ በእጅ ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት ይጠቅማል። በደም ማነስ የቆየች እናት ደግሞ ሌላዋ የምትችለውን ያህል ደም ማጣት አትችልም። በ2025 በኬንያ ካምፖች የምግብ ራሽን በእጅጉ ሲቀነስ በእርግዝና ላይ የነበሩት እናቶች ምን ይዘው ምጥ እንደገቡ ማሰብ ነው። የተገረዙ እናቶችም ይጠንቀቁ። ኬንያን ጨምሮ በስድስት የአፍሪካ አገሮች የተደረገና በ2006 የወጣ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ከባዱ ግርዛት የተፈጸመባቸው ሴቶች ከወሊድ በኋላ ይበልጥ ለመድማት እንደሚጋለጡ አሳይቷል።

ራስ ምታቱ «ብርድ» አይደለም

ከሁሉ የሚታለለው ምልክት ይኼ ነው። አራስ ራሷን ቢያማት «ብርድ ነው»፣ «እንቅልፍ ማጣት ነው» ይባላል፣ ሻሽ ይታሰራል፣ ፓናዶል ይሰጣል። በፓናዶል የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት ወይም ብልጭ ብልጭ ማለት፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል የሚወጋ ሕመም የደም ግፊት ምልክት ነው። በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊቷ ጤነኛ የነበረች ሴት ከወለደች በኋላ ሊነሳባት ይችላል፣ በብዛት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት፣ አልፎ አልፎ ግን እስከ ስድስት ሳምንት። ዝም ከተባለ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ስትንቀጠቀጥ ታዲያ የእኛ ሰው «ለከፋት»፣ «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ክብሪት ይጭሩባታል፣ በአፏ ማንኪያ ያስገባሉ። ኧረ ተዉ! በጎኗ አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ መኪና ጥሩ። ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለ። በ2002 ይፋ በሆነ በብዙ አገሮች የተሞከረ ጥናት መንቀጥቀጥ የመድረሱን ዕድል በግማሽ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል፣ ዋጋውም ውድ አይደለም። ጸበሉንም ዱዓውንም አንከለክልም፣ ማን ይከለክላል? በመኪና ውስጥም መጸለይ ይቻላል።

ትኩሳት፣ ሽታ፣ እግር

ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ከበለጠ፣ ቴርሞሜትር ከሌለም በእጅ ስትነካ ካቃጠለችና ብርድ ብርድ ካላት፣ ከማህፀኗ የሚወጣው ከሸተተ፣ ሆዷ ሲነካ ካመማት ኢንፌክሽን ነው። በኦፕራሲዮን የወለደችም ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ እንደዚሁ። በእኛ ዘንድ ትኩሳት ሁሉ ወባ ወይም ምች ነው። የወባ ምርመራው ይደረግ፣ ግን ለሐኪሙ «አራስ ነኝ» ማለት አይረሳ፣ አለዚያ የወባ ኪኒን ይዛ ትመለሳለች። ማህፀን ውስጥ ቅጠልም፣ ጨውም፣ ቅቤም አይገባም። አስታማሚዋም እጇን በሳሙና ትታጠብ። በ1847 በቪየና ዘመልቫይስ የተባለ ሐኪም ሐኪሞቹ እጃቸውን በኬሚካል እንዲታጠቡ አድርጎ የአራሶችን ሞት በእጅጉ ቀንሶ ነበር፣ የሙያ ጓደኞቹ ግን ናቁት። ለእጅ መታጠብ እስከ ዛሬ ቁም ነገር የሚሰጠው ሰው ጥቂት ነው።

አንደኛው እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ካመመና ከሞቀ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሲሄድ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይወጋል። የቴኒስ ተጫዋቿን ሴሬና ዊልያምስን ታውቋት ይሆናል። በ2017 በኦፕራሲዮን ወልዳ በማግስቱ ትንፋሽ አጠራት። ቀድሞም ደም የመርጋት ችግር ስለነበረባት ምን እንደሆነ አወቀችው፣ ነርሷን ጠርታ ምርመራውንና መድኃኒቱን በስሙ ጠየቀች። መጀመሪያ በመድኃኒቱ ግራ የተጋባች መስሏቸው ነበር። ስትጸና መረመሯት፣ ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም አገኙ። ገንዘብ ያላት፣ ዝነኛ የሆነች ሴት እንኳ ሁለት ጊዜ መናገር አስፈልጓታል።

ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታትም ሴት አለች፣ በተለይ ምጧ የረዘመባት። ይኼን የሚናገር የለም፣ ያሳፍራላ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ከተደረሰበት ትንሹ ቀዳዳ በካቴተር ብቻ ሊደፈን ይችላል። ከቆየም ይጠገናል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው በ1974 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ቅርንጫፎች አሉት፣ ለሞያሌ የሚቀርበው የይርጋለሙ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ሐዘን፣ ልጁን አለመፈለግ፣ ራስን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብም በሽታ ነው። እንደኛ ባሉ አገሮች ከአምስት እናቶች አንዷን ያህል የአራስ ድብርት ይነካታል። ስደት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ስለ ሕፃኑ በሌላ እትም በሰፊው እንመለስበታለን። ለጊዜው ግን መጥባት ካቆመ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ (በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ)፣ ሰውነቱ ካቃጠለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ እምብርቱ አካባቢ ከቀላ ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ።

ማንን እናስተምር?

በየክሊኒኩ ትምህርቱ የሚሰጠው ለእናቲቱ ነው፣ ያውም ልትወጣ ልብሷን ስትለብስ። ደክሟታል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ መኪናው በር ላይ ይጠብቃል። ነርሷ አሥር ነገር ትነግራታለች፣ እሷ «እሺ፣ እሺ» ትላለች። በራሪ ወረቀቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ነው። ጥፋቱ የነርሷ አይደለም፣ ወረፋውን አይተነዋል። ነገር ግን «እሺ» ማወቅ አይደለም። የተሻለው ዘዴ መልሶ ማስነገር ነው። «ደሙ በዝቷል የምትዪው መቼ ነው? እስቲ ንገሪኝ» ብሎ መጠየቅ። በራሷ አፍ ከተናገረችው ይዛዋለች።

ሁለተኛው ነገር፣ ለእኛ ዋናው ይኼ ይመስለናል። ደም የፈሰሳት ሴት ራሷን ትስታለች፣ ትኩሳት ያለባት ትቃዣለች፣ የምትንቀጠቀጠዋ ጭራሽ አታውቅም። ምልክቱን ማወቅ ያለባት ከአጠገቧ የምትቀመጠዋ ናት። በአገር ቤት እናቷ ነበረች፣ ወይ አክስቷ። በቦረናው ዴሲፍቱ፣ በሶማሌው ኡሙሊሶ የሚሏት የልምድ አዋላጅ ነበረች። በስደት ግን እናት ድንበር ማዶ ቀርታለች። አራሷን የሚያስታምማት ባሏ ነው፣ ወይ የ12 ዓመት ልጇ፣ ወይ በቡና ላይ የተዋወቀቻት ጎረቤት። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል ጊዜ አንድ ሰው ይዛ ትሂድ፣ ትምህርቱን ያ ሰው ይስማው። ወንዶች ያልናችሁ ለዚህ ነው። ባል የሚስቱን ጨርቅ ማየት ነውር ነው የሚል አለ። እሺ፣ አይየው፣ ስንት ጨርቅ እንደተቀየረ ግን ጠይቆ መቁጠር ይችላል።

የልምድ አዋላጆቻችንንም ወደ ጎን መግፋት ጥሩ አይመስለንም። ሰው የሚያምነው እነሱን ነው። እሷ «ሂጂ» ካለች ቤተሰቡ ይነሳል፣ «ቆይ ትንሽ እንይ» ካለች ደግሞ ሌሊቱ ያልፋል። ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ እነሱን መጥራት ነው።

በር ላይ ምን ትላለች?

ሞያሌም ሆነ እዚህ፣ ክሊኒኩ በር ላይ የምትደርስ አራስ አስተርጓሚ ላታገኝ ትችላለች። ሌሊት ነው፣ ተረኛው አንድ ሰው ነው፣ እሷ አማርኛ ብቻ ነው የምታውቀው። እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ብታሳይ እንደ ማንኛውም ራስ ምታት ወረፋ ይይዟታል። የመጀመሪያው ቃል «ወልጃለሁ» መሆን አለበት። በስዋሂሊ እነሆ፣ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፦

«ኒሜጂፉንጉዋ ሲኩ ታቱ ዚሊዞፒታ» – ከወለድኩ ሦስት ቀኔ ነው። (ሞጃ አንድ፣ ምቢሊ ሁለት፣ ታቱ ሦስት፣ ኔ አራት፣ ታኖ አምስት፣ ሲታ ስድስት፣ ሳባ ሰባት። ለአንድ ሳምንት «ዊኪ ሞጃ ኢሊዮፒታ» በሉ።)
«ኒናቶክዋ ና ዳሙ ኒንጊ» – ብዙ ደም ይፈሰኛል።
«ኪችዋ ኪናኒኡማ ሳና» – ራሴን በጣም ያመኛል።
«ሲኦኒ ቪዙሪ» – ዓይኔ በደንብ አያይም።
«ኒና ሆማ» – ትኩሳት አለኝ።
«ሲዌዚ ኩፑምዋ ቪዙሪ» – መተንፈስ አቅቶኛል።
«ምቶቶ ሃኞኚ» – ሕፃኑ አይጠባም።

«ደጌደጌ» ማለት መንቀጥቀጥ ነው፣ አስታማሚዋ ይቺን ቃል ትያዛት። የእርግዝና ክትትል ደብተሯንም ይዛ ትሂድ፣ የደም ግፊቷ ቁጥር እዚያ ተጽፏል።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነው። ሌሊት ቦዳቦዳ ሰውየው የሚጠይቀው ዋጋ ቀን ከሚጠይቀው ጋር አይገናኝም፣ እሱም ቢሆን ስልክ ካልተደወለለት አይመጣም። በአንዳንድ ብሎኮች ያሉ የቡና ማኅበሮች ከዕቁቡ ላይ ለአራስ መጓጓዣ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ለይቶ የማስቀመጥ ልማድ ጀምረዋል። ገንዘቡ ያለባት ሴት ሌሊት በሯ ቢንኳኳ የምትከፍት፣ ሩቅ ያልሆነች ትሁን። የባለ ሞተሩ ስልክ ቁጥርም በአራሷ ስልክ ብቻ ሳይሆን በአስታማሚዋም ስልክ ላይ ይያዝ፣ የማን ባትሪ እንዳለቀ አይታወቅምና።